«ብቁ ነው ወይ?»፦ ቦስተን ያላስፈረመው ተጫዋች

አንድ ክለብ ተጫዋች ለማስፈረም ሲያስብ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ስፖርት ያው ናቸው። ዕድሜው ስንት ነው? ጠባዩስ? የት ቦታ ይጫወታል? ስንት ያስከፍላል? ሁሉም ተጠቃለው አንድ ጥያቄ ይሆናሉ፦ «ብቁ ነው ወይ?»

ጥያቄው በራሱ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ጥያቄ ግን መደበቂያም ይሆናል። ለዚህ የቦስተን ሬድ ሶክስን ያህል ጥሩ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። ይህ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ በ1945 አንድ የ26 ዓመት ተጫዋች በገዛ ሜዳው ላይ አሠልፎ ፈተነው። አላስፈረመውም። ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮቢንሰን ስም ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለተቀበለው ክለብ፣ ስለ ብሩክሊን ዶጀርስ ነው። ያልተቀበለው ክለብ ታሪክ ግን ይበልጥ ያስተምራል። በዚህ ዓለም በር ከሚከፍተው ይልቅ «እስቲ ሌላው ይጀምረው» ብሎ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ይበዛልና።

◆ ያልተጻፈው ሕግ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ስለ ጨዋታው። ቤዝቦል በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ተጋጣሚው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው «ቤዝ» የሚባሉትን ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ ወደ መነሻው ከተመለሰ ነጥብ ይቆጠርለታል። በማረፊያዎቹ ዙሪያ የሚቆሙት ተከላካዮች የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች ይባላሉ። ቦታው ፈጣን እግርና ፈጣን እጅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈጣን ጭንቅላት ይጠይቃል። ሮቢንሰን የዚህ ቦታ ሰው ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጥቂት ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ ተጫውተዋል። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይም ተዘግቶ ቆየ። የሚገርመው ግን «ጥቁር አይጫወትም» የሚል አንቀጽ በትልቁ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ ደንብ ውስጥ አልነበረም። ከ1920 ጀምሮ ጨዋታውን በኮሚሽነርነት የመሩት ዳኛ ኬነሶ ላንዲስ በ1942 ይህንኑ በአደባባይ ተናግረዋል፦ ጥቁር እንዳይጫወት የሚከለክል ሕግ የለም አሉ። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ልክ ነበሩ። እስኪሞቱ ድረስ ግን አንድም ጥቁር አልገባም።

ያልተጻፈ ሕግ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የተጻፈ ሕግ ይከሰሳል፣ ይከራከሩበታል፣ ይሻራል። ያልተጻፈውን ግን «የታለ?» ሲባል ማንም አያሳይም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል። እያንዳንዱ የክለብ ባለቤትም ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እኛ ማንንም አንከለክልም፤ ብቁ የሆነ ሰው አላገኘንም እንጂ።»

ጥቁሮች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የራሳቸውን ክለቦችና ሊጎች አቋቋሙ። እንደ ሳቸል ፔጅ ያለ ኳስ ወርዋሪ፣ እንደ ጆሽ ጊብሰን ያለ መቺ ከዚያ ወጥቷል። ስለዚህ «ብቁ ሰው አላገኘንም» የሚለው መልስ ዓይንን ጨፍኖ የሚሰጥ መልስ ነበር።

◆ ፋይሉ ምን ይል ነበር?

እስቲ ለአፍታ የሮቢንሰንን ፋይል በ1945 እንደነበረ አንድ መልማይ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው። ዛሬ የምናውቀውን ሁሉ እንርሳው።

ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን በ1919 በጆርጂያ ግዛት ተወለደ፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ካሊፎርኒያ ስትሰደድ ገና ሕፃን ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል። ጃኪ ራሱ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ፉትቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ ተወዳድሯል፤ በአራቱም የክብር ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የተቋሙ ስፖርተኛ ነው።

ይህ በጎው ጎን ነው። ሌላውስ? ከአራቱ ስፖርቶች ደካማው ቤዝቦል ነበር። በ1940 በዩኒቨርሲቲው ቡድን የመምታት ውጤቱ ከመቶ አሥር እንኳ አልሞላም። ዕድሜው 26 ሆኗል፤ ሌሎች በዚያ ዕድሜ ስማቸውን ተክለዋል። ጦርነቱ ምርጥ ዓመታቱን በልቶበታል። በቤዝቦል ሙያ ገና አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተም፤ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ከሚባለው የጥቁሮች ክለብ ጋር በወር 400 ዶላር ተስማምቶ መጀመሩ ነበር።

ደግሞም «ክስ» አለበት። ምክትል መቶ አለቃ ሳለ፣ በጁላይ 1944፣ በቴክሳስ ካምፕ ሁድ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ «ወደ ኋላ ሂድ» ሲለው እምቢ አለ። ተያዘ፤ ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። በኦገስት ነፃ ወጣ።

አንድ ጠንቃቃ መልማይ በዚህ ፋይል ላይ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ዕድሜው ገፍቷል፣ ልምዱ አጭር ነው፣ ግትር ነው የሚባል ነገር አለ። ቦስተን አላስፈረምም ሲል ምክንያቱ ይህ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የአንድ ስህተት ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። መልማዮች ይሳሳታሉ፤ ሥራው ነው። ግን ይህን ያህል እንኳ አልታሰበበትም።

◆ ኤፕሪል 16 ቀን 1945

ሬድ ሶክስ ሮቢንሰንን የጠራው ወዶ አይደለም። የቦስተን ከተማ ምክር ቤት አባል የነበሩት አይዛዶር ማችኒክ አስገድደውት ነው። ክለቦቹ እሁድ እሁድ እንዲጫወቱ የምክር ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ማችኒክም ጥቁር ተጫዋቾችን ካልፈተናችሁ ድምፄን አልሰጥም አሉ። የእሁድ ጨዋታ ትልቁ ገቢ ነው። ክለቡ እሺ አለ። የጥቁሮች ጋዜጣ የፒትስበርግ ኩሪየር ጸሐፊ ዌንዴል ስሚዝም ሦስት ተጫዋቾችን ይዞ መጣ፦ ሮቢንሰንን፣ ሳም ጄትሮንና ማርቪን ዊሊያምስን።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኤፕሪል 12 ሞተው ስለነበር ፈተናው ጥቂት ቀናት ዘገየ። በኤፕሪል 16 ሦስቱ ሰዎች ፌንዌይ ፓርክ በተባለው የክለቡ ሜዳ ገቡ። የፈተናቸው የ78 ዓመቱ አንጋፋ ሂው ዳፊ ነበር። ኳስ ያዙ፣ ወረወሩ፣ መቱ። ሮቢንሰን በሜዳው ግራ በኩል ያለውን ረጅም ግንብ በኳስ ሲደበድብ ዋለ። ሲያበቁ «እንጠራችኋለን» ተባሉ።

የጠራቸው የለም።

ዛሬም ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሥራ የጠየቀ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። «እንደውላለን» ማለት «አንደውልም» ማለት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል፤ «እንጠራችኋለን» ያለ ግን ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም።

◆ ቦታ ሞልቶ ነበር?

የክለቡ ተከራካሪዎች አንድ ነጥብ ያነሳሉ፤ ሳይመለስ መታለፍ የለበትም። ቦስተን በውስጥ ሜዳ ምን ጎደለው? ቦቢ ዶርና ጆኒ ፔስኪን የመሳሰሉ ድንቅ ተጫዋቾች ነበሩት ይላሉ። እውነት ነው። ግን ሁለቱም በ1945 ወታደር ነበሩ።

ከዚህም በላይ ብሩክሊንም ቦታ አልነበረውም። ፒ ዊ ሪስና ኤዲ ስታንኪ የውስጥ ሜዳውን ዋና ዋና ቦታዎች ይዘው ነበር። ክለቡ ምን አደረገ? ሮቢንሰንን እምብዛም በማያውቀው በአንደኛው ቤዝ አሠለፈው። በተከታዩ ዓመት ስታንኪን አሰናብቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ አዛወረው። አንድን ሰው የፈለገ ክለብ ቦታ ይፈጥርለታል፤ ያልፈለገው ግን ባዶ ወንበር እያለ «ሞልቷል» ይላል።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር? ዘረኝነት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ትክክልም ነው። ግን ዘረኝነት ብቻውን አልቆመም፤ ከጎኑ ገንዘብ ነበር። በኦገስት 1946 የክለብ ባለቤቶች ኮሚቴ አንድ ምስጢራዊ ሪፖርት አዘጋጀ፤ በ1951 በኮንግረስ ምርመራ ጊዜ ይፋ ወጣ። ሪፖርቱ ጥቁሮች የሚፈለገውን ሥልጠና አላገኙም፣ ደረጃው ላይ አልደረሱም ይላል። ይህ የአፉ ነው። ዝቅ ሲል ግን ሆዱን ያወጣል፦ የኒውዮርክ ያንኪስ ድርጅት ብቻውን ሜዳዎቹን ለጥቁሮች ክለቦች በማከራየት በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ያገኛል። የጥቁሮች ሊግ ከተዳከመ ይህ ገቢ ይቀራል። ደግሞም ጥቁር ተመልካች ከበዛ የክለቦቹ ዋጋ እንዳይወርድ ያሰጋል ይላል።

«ብቁ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሥር የተቀበረው ይህ ነበር። «ብቁ ሆኖ ቢገኝስ እኛ ምን እናጣለን?»

◆ ብሩክሊን ምን አየ?

የብሩክሊኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ በኦገስት 28 ቀን 1945 ሮቢንሰንን ቢሮው ጠራው። ያ ቀጠሮ በአሜሪካ ብዙ ተጽፎበታል። ሪኪ በሜዳ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ስድብ እየተወነ አሳየው፤ አጸፋ ሳትመልስ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሮቢንሰን ተስማማ። 3,500 ዶላር የፊርማ፣ በወር 600 ዶላር ደሞዝ ተቆረጠለት።

ሪኪን መልአክ ማድረግ አያስፈልግም። በልቡ እምነት ነበረው፤ በኪሱ ደግሞ ሒሳብ። ማንም ያልነካው የተጫዋች ጎተራ እንዳለ፣ ቀድሞ የደረሰም በርካሽ እንደሚያፍስ ያውቅ ነበር። ለሞናርክስ ክለብ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ከእሱ በኋላ ክሊቭላንድ ላሪ ዶቢን ከኒውዋርክ ኢግልስ ሲወስድ 15,000 ዶላር መክፈሉ ሌላ መንገድ እንደነበር ያሳያል። የጥቁሮች ሊጎች ኮከቦቻቸውን እያጡ ተዳከሙ፤ ኔግሮ ናሽናል ሊግ ከ1948 በኋላ ፈረሰ። በሩ ሲከፈት የገቡት ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ፤ ጥቁር የክለብ ባለቤቶች፣ አሰልጣኞችና ሠራተኞች ደጅ ቀሩ።

ሪኪ የታወቀውን ኮከብ አለመምረጡም ልብ ይባል። ፔጅና ጊብሰን ከሮቢንሰን እጅግ የገነነ ስም ነበራቸው። ሪኪ ግን የተማረ፣ መኮንን የነበረ፣ ከነጮች ጋር በአንድ ቡድን የተጫወተ ሰው ፈለገ። ሌሎች መልማዮች «ችግር ፈጣሪ» የሚሉትን የአውቶቡሱን ጉዳይ እሱ እንደ ወኔ ማስረጃ አየው። ፋይሉ ያው ነው፤ አንባቢው ተለየ። ጆሽ ጊብሰን በጃንዋሪ 1947፣ ሮቢንሰን በትልቁ ሊግ ሊጫወት ሦስት ወር ሲቀረው፣ በ35 ዓመቱ ሞተ።

ውጤቱ አከራካሪ አልነበረም። ሮቢንሰን በ1946 በሞንትሪያል ተጫውቶ በሊጉ ከፍተኛውን የመምታት ውጤት አስመዘገበ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በ28 ዓመቱ የብሩክሊንን መለያ ለብሶ ሜዳ ገባ። በፊላደልፊያው አሰልጣኝ ቤን ቻፕማን አፍ የወረደበትን የስድብ ናዳ ቻለ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ1949 የሊጉ ኮከብ ሆነ። እሱ በተጫወተባቸው 10 ዓመታት ብሩክሊን 6 ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን፣ በ1955 ደግሞ የመላው አሜሪካ ሻምፒዮን ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት የብሩክሊን ሜዳ ተመልካች ከ1.8 ሚሊዮን አለፈ። ተመልካች ይሸሻል ያሉት አፈሩ።

◆ የቦስተን ዕዳ

ቦስተን ከዚህ ሁሉ በኋላ የተማረ ይመስላል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በ1948 ሬድ ሶክስና ክሊቭላንድ በእኩል ውጤት ጨረሱና ሻምፒዮኑን ለመለየት አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ተጫወቱ። ቦስተን በገዛ ሜዳው 8 ለ 3 ተሸነፈ። ክሊቭላንድ ላሪ ዶቢና በ42 ዓመቱ ዕድል ያገኘው ሳቸል ፔጅ ነበሩት። ፔጅ በዚያ ዓመት ብቻ 6 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከስድስቱ አንዱ ቢጎድል ዋንጫው የቦስተን ነበር። በ1949 ደግሞ ሬድ ሶክስ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ዋንጫውን ለያንኪስ አስረከበ። በሁለቱም ዓመት የጎደለው አንድ ጥሩ ሰው ነበር። ያ ሰው በ1945 በሜዳው ላይ ቆሞ ነበር።

በ1950 ክለቡ ፓይፐር ዴቪስ የተባለ ጥቁር የውስጥ ሜዳ ተጫዋች አስፈረመና ወደ ታዳጊ ክለቡ ላከው። ዴቪስ በዚያ ቡድን ቀዳሚው መቺ ሆነ። ለቀድሞ ክለቡ የቀረው ክፍያ የሚከፈልበት ቀን ሲቃረብ ግን በ«ገንዘብ እጥረት» ተሰናበተ። የክለቡ ባለቤት ቶም ያውኪ በሊጉ ካሉት ሀብታሞች አንዱ ነበሩ።

የሚገርመው ይህ የሆነው ያው በቦስተን ከተማ ነው። ከሬድ ሶክስ ጋር የተፈተነው ሳም ጄትሮ በ1950 ለሌላኛው የከተማዋ ክለብ፣ ለቦስተን ብሬቭስ ተጫውቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በዚያው ዓመት የቅርጫት ኳሱ ሴልቲክስ ቸክ ኩፐርን መረጠ። የበረዶ ሆኪው ብሩይንስም በ1958 ዊሊ ኦሪን አሠለፈ። ስለዚህ «የከተማው ሕዝብ አይቀበልም ነበር» የሚለው ሰበብም አይሠራም። ሕዝቡ ያው ነው፤ ክለቡ ነው የተለየው።

◆ ተራው ሰው

በመጨረሻ ተራው የኤላይጃ «ፓምፕሲ» ግሪን ሆነ። እሱም የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ነበር። በ1959 የዝግጅት ወቅት ቡድኑ ያረፈበት የአሪዞና ሆቴል ጥቁር አይቀበልም ስለተባለ ለብቻው ሌላ ከተማ አደረ። ጥሩ ተጫወተ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ግን ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። ተቃውሞ ተነሳ፤ የማሳቹሴትስ የፀረ አድልዎ ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። በጁላይ 21 ቀን 1959 ግሪን ተጠርቶ ሜዳ ገባ። ከ16ቱ የሜጀር ሊግ ክለቦች ሬድ ሶክስ የመጨረሻው ሆነ። ከሮቢንሰን በኋላ 12 ዓመት አልፏል፤ ሮቢንሰን ጫማውን ከሰቀለ እንኳ ሁለት የውድድር ዘመን ተቆጥሮ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ግሪን ኮከብ አልነበረም። በአምስት ዓመት 344 ጨዋታ ተጫወተ፣ 13 ጊዜ ኳስ ከሜዳ አስወጣ፣ መካከለኛ ውጤት ይዞ ጡረታ ወጣ። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ «እና ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጩኸት?» ሊል ይችላል። ትልቁ ቁም ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። በሬድ ሶክስ መለያ እንደ ግሪን ያሉ፣ ከእሱም ያነሱ፣ መካከለኛ ነጭ ተጫዋቾች ለዓመታት ገብተው ወጥተዋል። ማንም «ብቁ ናቸው ወይ?» ብሎ አጣሪ ኮሚቴ አላቋቋመባቸውም። ከጥቁሩ ግን የሚጠበቀው የሮቢንሰን ያህል እንዲሆን ነበር፦ አራት ስፖርት የሚችል፣ መኮንን የነበረ፣ ተሰድቦ የማይመልስ። የአንዱ መመዘኛ ተራ ሰው መሆን፣ የሌላው መመዘኛ ልዩ ፍጡር መሆን ከሆነ ሚዛኑ አንድ አይደለም።

ለዚህም ነው የማርቪን ዊሊያምስ ነገር የሚቆጨው። ከሮቢንሰን ጋር አብሮ የተፈተነ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ነው። በሜክሲኮና በአነስተኛ ሊጎች ለዓመታት ተጫወተ፤ በትልቁ ሊግ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ ቀረ። ምናልባት ኮከብ ይሆን ነበር፤ ምናልባት እንደ ግሪን መካከለኛ። ሊታወቅ የሚችለው በማሠለፍ ነበር፤ ያ ዕድል ነው የተነፈገው።

በ2018 የቦስተን ከተማ በክለቡ ጥያቄ በሜዳው ደጃፍ ያለውን የያውኪን ስም የያዘ መንገድ ስሙን ቀየረ። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 የሁሉም ክለብ ተጫዋቾች የሮቢንሰንን 42 ቁጥር ይለብሳሉ፤ ፌንዌይ ላይም እንዲሁ። መልካም ነው። ግን ከሞተ በኋላ ማክበር ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። የሚከብደው በኤፕሪል 1945 የነበረው ነው፦ ፋይሉ ጎዶሎ፣ ውጤቱ ያልታወቀ፣ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ያሉበት ቀን።

አንድ ድርጅት በሩን መክፈቱ የሚታወቀው ድንቅ ሰው ሲያስገባ አይደለም። ድንቅን ሰው ማን ይጠላል? የሚታወቀው ከወዲያኛው ወገን የመጣው መካከለኛ ሰው ከወዲህኛው መካከለኛ ሰው ጎን እኩል ተቀምጦ፣ እኩል ተሳስቶ፣ እኩል ሌላ ዕድል ሲሰጠው ነው። እስከዚያ ድረስ «ብቁ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር አንድ ሌላ ጥያቄ ማስከተል ግድ ይላል፦ ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ሁሉም ነው ወይስ እሱ ብቻ?